ጨውስ ወዴት ይሄዳል?

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይባላል። ይህን የተናገሩ አባቶች ጨው ብርቅ በነበረበት ዘመን የኖሩ ናቸው። አሞሌ ከአፋር ቆላ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ደጋ ሲወጣ ቅመምም ገንዘብም ነበር። ጨው ያጣ ሰው በየመንደሩ ነበረ፤ ጨው በዝቶበት የሚጥልበት ስፍራ የቸገረው ሰው ግን አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ተገኝቷል። በባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ከባሕር ውኃ የሚጠጣውን ለይተው ካወጡ በኋላ የቀረውን ጨው ምን እንደሚያደርጉት ግራ ገብቷቸዋል።

በጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በምትገኘው አሰላ ተቀምጦ ስለ ባሕር ውኃ ማሰብ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስል ይሆናል። የአርሲ ደጋ ውኃ ሰጪ እንጂ ውኃ ፈላጊ አይደለም ይባላል። እኔ ግን ጥያቄው የባሕር ብቻ አይመስለኝም። አንድን ነገር አጥርተን ጥሩውን ለራሳችን ስንወስድ የቀረው አተላ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ከተራራ ላይ ሆኖ ማየት ይሻላል፤ ከላይ ያለ ሰው የለቀቀው ነገር ሁሉ ወደ ታች ይወርዳልና።

አስቀድሜ ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ጨዉን ከውኃው የመለያው መንገድ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው እናቶቻችን አረቄ የሚያወጡበት መንገድ ነው፤ ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ተለይቶ ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ውኃ ይሆናል፣ ጨዉ በድስቱ ውስጥ ይቀራል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚለቀውን ሙቀት መልሰው ቀጣዩን ውኃ ያሞቁበታል፤ በአንድ እሳት ብዙ ጊዜ ይጠቀማሉ ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ውኃውን ከወንፊት እጅግ በረቀቀ ስስ ሽፋን ላይ በከፍተኛ ግፊት መጫን ነው። ውኃው ያልፋል፣ ጨዉ ይቀራል። ይህ መንገድ ለአንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውኃ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚደርስ ኃይል ይፈልጋል። ብክነት ባይታሰብ፣ ይህ ጉልበት ያንኑ ውኃ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ሊያነሣ ይበቃል። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር እስከ አሰላ ያለውን ዳገት ማውጣት ከዚህ ያነሰ ድካም ነው።

ይህን ሁሉ ኃይል ለረጅም ዘመን የሰጡት ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ናቸው። አሁን ፀሐይና ነፋስ እየተተኩ ነው። ፀሐይ ማታ ትጠልቃለች፣ የሰው ጥም ግን አይጠልቅም፤ ስለዚህ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ማቆየት ግድ ሆነ። ይህም ለእኛ እንግዳ ዕውቀት አይደለም። እንጀራ የጋገረች ሴት እሳቱን ካጠፋች በኋላ በምጣዱ ላይ በቀረው ሙቀት ሌላ ነገር ታምሳለች፤ ሸክላው ሙቀቱን አቆይቶላታል። በሞሮኮ ዋርዛዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው የፀሐይ ኃይል ማመንጫም የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። የቀኑን ሙቀት በቀለጠ ጨው ውስጥ አስቀምጦ ፀሐይ ከገባች በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጨዉ ከገበታው ጨው የተለየ ዓይነት ነው። ቢሆንም አንዱ ጨው የሚጥልበት አጥቶ ሲጨነቅ ሌላው በጨው ሙቀት ማከማቸቱ ያስገርመኛል።

አድናቆቴን አልሸሽግም። ያለ ጭስ የተገኘ የሚጠጣ ውኃ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን «ታዳሽ» እና «ንጹሕ» የሚሉት ቃላት አንድ ነገር ይጋርዱብናል። ፀሐይ ድስቱን ታፈላለች እንጂ አተላውን ተሸክማ አትሄድም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ሥር የታተመ ጥናት እንዳሰላው፣ በዓለም ያሉ የዚህ ዓይነት ፋብሪካዎች በቀን 95 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ንጹሕ ውኃ ሲያወጡ፣ 142 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ጨው የበዛበት ውኃ ይለቃሉ። ከሚጠጣው የሚደፋው ይበልጣል ማለት ነው። ከሚደፋውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ የኩዌትና የቀጠር ድርሻ ነው። ይህ ውኃ ከባሕሩ ውኃ ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይሰምጣል፤ በደንብ ካልተበተነ በዚያ ያለውን ፍጥረት ኦክስጅን ያሳጣዋል። ቧንቧ እንዳይዝግና እንዳይደፈን የሚጨመሩ ኬሚካሎችም አብረውት ይወርዳሉ። ታዳሽ ኃይል ጭሱን ያስቀርልናል፤ ጨዉን ግን አያስቀርም።

ይህን ሐሳብ ላጫወትሁት መሐንዲስ ወዳጄ ነገሩ አልተዋጠለትም። «ባሕር እኮ ሰፊ ነው፤ ከባሕር የወሰድከውን ጨው ለባሕር መለስክለት፣ ምን በደልክ? ደግሞስ በተጠማ ልጅ ፊት ቆመህ ስለ ዓሣ ልትሟገት ነው?» አለኝ።

የንግግሩን ሁለተኛ ክፍል ያለ ክርክር እቀበለዋለሁ። የተጠማ ይጠጣ። ውኃን ከልጅ አፍ የሚነጥቅ ሥነ ምግባር ሥነ ምግባር አይደለም። የመጀመሪያው ክፍል ግን ያጠራጥረኛል። «ሰፊ ነው» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የሚነገረው ከሚደፋው ሰው አፍ ነው፤ የሚደፋበት ሰው ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። ባሕሩ በጠቅላላው ሰፊ ይሁን እንጂ ቧንቧው የሚያፈስበት ዳርቻ ጠባብ ነው፤ ዓሣ አጥማጁም መረቡን የሚጥለው በዚያው ዳርቻ ነው። ጨዋማውን ውኃ በረጅም ቧንቧ ወስዶ በብዙ ቀዳዳ መበተን ጉዳቱን እንደሚቀንስ ይታወቃል። ያ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ውኃውን የሚጠጣው ሰው ያን ገንዘብ ካልከፈለ ዕዳው ተሰረዘ ማለት አይደለም፤ ላልጠጣው፣ አስተያየቱንም ላልተጠየቀው ሰው ተላለፈ ማለት ነው። የእኔ ሙግት ከዚህ አያልፍም፤ የጠጣ ሰው የጨዉም ባለቤት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስል ከጭላሎ እንውረድ። በጭላሎና በካካ ላይ የዘነበው ዝናብ ከድንጋዩና ከአፈሩ ጥቂት ጥቂት ማዕድን እያሟሟ በከታር ወንዝ በኩል ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ከዝዋይ ብዙው ውኃ በፀሐይ ይተናል፤ የሚተነው ውኃው ብቻ እንጂ ጨዉ አይደለም። ታዲያ ዝዋይ እስከ ዛሬ ጨው ባሕር ያልሆነው ለምንድን ነው? ቡልቡላ የሚባል ወንዝ ከሐይቁ ወጥቶ ጨዉን እያጠበ ወደ አቢጃታ ስለሚወስድለት ነው። አቢጃታ ደግሞ መውጫ የለውም፤ የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ ያስቀራል። እንግዲህ ዝዋይ የጣፈጠው አቢጃታ ስለመረረ ነው ማለት ይቻላል። ያለ ፋብሪካ፣ በፀሐይና በቁልቁለት ብቻ፣ ተፈጥሮ ጨውን ከውኃ ስትለይ የኖረችበት ሥራ ይኸው ነው። አተላውም ቦታ ነበረው።

ይህ ሚዛን በእኛ ዘመን ተናጋ። ከከታርና ከዝዋይ ለመስኖ፣ ለአበባ እርሻና ለከተማ የሚቀዳው ውኃ እየበዛ ሲሄድ የቡልቡላ ፍሰት ሳሳ። ከአቢጃታ ዳር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ውኃ እየሳበ ሶዳውን በትነት ማውጣት ያዘ። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ስፋት ከግማሽ በላይ አጣ። ውኃው ሲመርር ዓሣው ጠፋ። በሻላ ሐይቅ ደሴት እንቁላላቸውን እየጣሉ ምግባቸውን ከአቢጃታ ይለቅሙ የነበሩት ፔሊካኖች ለዓሣ ሲሉ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ቡልቡላ ጨርሶ ቢደርቅ ጨዉ መሄጃ ስለማይኖረው እዚያው ዝዋይ ውስጥ ይከማቻል። ወደ ሌላ የላክነው ነገር መንገዱ ሲዘጋ ወደ እኛው ይመለሳል።

ለመሆኑ እዚህ ውስጥ ጥፋተኛው ማን ነው? በዝዋይ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ለማጠጣት የውኃ ፓምፕ የተከለው ገበሬ ልጆቹን ያበላል እንጂ ወፍ ለማስራብ አልተነሣም። አበባ እርሻ ውስጥ ቀን የምትውል ወጣትም ደመወዟን እንጂ አቢጃታን አታስብም። ክፉ ሰው ሳይኖር ክፉ ነገር የሚደርሰው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጥቅሙን በራሱ መዝገብ ይጽፋል፤ አተላው ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም።

አርሲ ይህን ያየችው በውኃ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የአሰላ ሽማግሌዎች «ካዱ» በሚለው ስሙ ያስታውሱታል። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አመጣ፤ ምርቱም በእርግጥ ጨመረ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። ይሁንና እርሻ እንደሚያተርፍ ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬታቸው ማስነቀል ጀመሩ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። በጎ ሐሳብ፣ በጎ ዘር፣ በጎ ምርት፤ ከሥሩ ግን አተላው ተጠራቅሞ የተደፋው በጭሰኛው ላይ ነበር። በኩንታል የተቆጠረው ስንዴው ነው። የተነቀለውን ጎጆ ከስንዴው ጋር አንድ መዝገብ ላይ ያሰፈረው አልነበረም።

ይህን የማነሣው ዛሬ አርሲ ሌላ በጎ ነገር ስለመጣላት ነው። ከአሰላ በስተ ሰሜን፣ በኢተያ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ውል የተፈረመለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ 29 ተርባይኖችና 100 ሜጋ ዋት የታቀዱለት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ይደርሳል። ጅቡቲ በበኩሏ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ፣ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ውኃ እንዲሰጥ የታሰበ ጨው መለያ ፋብሪካ በዶራሌ ሠርታለች። በሽቦ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የትውልድ መንደሩ በግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ቢሆንም በአርሲ ገብስ ላይ ያለፈ ነፋስ አንድ ቀን በቀይ ባሕር በር አጠገብ የባሕር ውኃ ቢጫን የማይሆን ነገር አይደለም። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል፤ ጎረቤት በእኛ ነፋስ ጥሙን ቢቆርጥ ምን ይከፋል? ነገር ግን በውኃው ከተመሰገንን ስለ ጨዉም መጠየቅ አለብን። ኃይል ሽጦ «ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ አይደለም» ማለት ከዝዋይ ውኃ ቀድቶ አቢጃታን አላውቅም እንደማለት ነው።

«እንዲህ ካልን ምን ሥራ ይሠራል? አተላ የሌለው ምን ነገር አለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አተላ የሌለው ጠላ የለም። ጠማቂዋ ግን በአተላው ምክንያት መጥመቋን አትተውም፤ በጎረቤቷ ደጅም አትደፋውም። ለከብቶቿ ትሰጠዋለች። ጠላው ሳይጠመቅ አተላው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ለጨውም እንዲህ ያለ መንገድ ተሞክሯል። እጅግ ጨዋማ ውኃ በኩሬ ሥር፣ ቀለል ያለው ከላይ ሲተኛ ፀሐይ የታችኛውን ታሞቀዋለች፤ ከባድ ስለሆነም ሙቀቱን ይዞ ወደ ላይ አይወጣም። ኩሬው እንደ ምጣዱ ሙቀት ያቆያል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እስራኤላውያን በሙት ባሕር አጠገብ በእንዲህ ያለ ኩሬ ኤሌክትሪክ አመንጭተዋል፤ በአሜሪካ ኤል ፓሶ ደግሞ በኩሬው ሙቀት ጨዋማ ውኃ ማጣራት ተሞክሯል። ይህ የዓለምን ጨው ሁሉ ይጨርሳል ብዬ አልልም። ግን አተላውን ከመድፋት በፊት «ለምን ይበጃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሠራው ሥራ ነው።

ስለዚህ አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ ግድብ ወይም አዲስ የመስኖ ቦይ ሲመረቅ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት መቅረብ ያለበት ጥያቄ «ስንት ያወጣል?» የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። «የሚቀረው ምንድን ነው? የሚደርሰውስ ማን ጋ ነው? ያ ሰው ተጠይቋል ወይ?» የሚሉት አብረው ይቅረቡ። መልሱ ሁልጊዜ «ተዉት» አይሆንም። ብዙ ጊዜ «ሥሩት፣ ዋጋውን ግን ሙሉውን ክፈሉ» ይሆናል። የውኃው ሂሳብ የጨዉንም መሸኛ ቢጨምር በጥቂት ሳንቲም ይወደድ ይሆናል፤ ያን ሳንቲም እኛ ካልከፈልነው ዓሣ አጥማጁ በባዶ መረቡ፣ ከታች ያለው ገበሬ በመረረ ውኃው ይከፍለዋል። ከላይ የተቀመጥን ሰዎች የበታቾቻችንን ድምፅ ለመስማት አንቸኩልም፤ ውኃ ወደ እኛ አይፈስምና። እንግዲህ ወርዶ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።