ስለ እሳትና ስለ በደል

በአባት ዘመን ጥበብ የነበረ ሥራ በልጅ ዘመን በደል ሊሆን ይችላልን? ከሐረና ጫካ በላይ፣ ወደ ሳነቴ አምባ በሚወጣው ዳገት የበቀለውን አስታ፣ የባሌ ከብት አርቢ ለምለም ሣር እንዲበቅልለትና አውሬ እንዲርቅለት ከጥንት ጀምሮ በበጋ ሲለኩሰው ኖሯል፤ አስታም ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ እንደገና የሚያቆጠቁጥ ስለ ሆነ፣ እሳቱም ወደ እርጥቡ ጫካ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ስለሚከስም፣ ይህን ልማድ ነውር ያለው አልነበረም።

በ1992 ዓ.ም. ግን ዝናብ ጠፍቶ እርጥቡ ጫካ ራሱ ማገዶ ሆነ፤ በባሌና በቦረና የተነሣውንም ቃጠሎ ለማጥፋት ከአገሬው ሕዝብ ሌላ ከጀርመንና ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር ባለሙያዎች መጡ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የስሜን ተራራ ጓሳና አስታ ሲነድ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱ ድረስ፣ ሕዝቡ በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሰነበተ።

እንዲህ ባለው መከራ ክርስቲያኑ ምሕላ፣ እስላሙ ዱዓ መያዙ የተገባ ነው። ነገር ግን «የአምላክ ቍጣ ነው» ብሎ ምርመራውን መዝጋት ትሕትና የሚመስል ስንፍና ነው እላለሁ። ሊቃውንታችን እንደሚያስተምሩት እሳት ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ሆኖ፣ በሰው ሥጋ ውስጥ ከውሃ፣ ከነፋስና ከመሬት ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ እንግዲያስ ፍጥረቱ ክፉ ካልሆነ፣ ስምምነቱን ማን እንዳፋለሰው መጠየቅ ፈጣሪን መዳፈር ሊባል አይገባም።

ያፋለሰውም አይታወቅም ሊባል አይቻልም። የስዊድኑ ሊቅ ስቫንቴ አሬኒየስ ከከሰል የሚወጣው የካርቦን አየር ምድርን እንደሚያሞቅ አስልቶ የጻፈው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምድር ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃለች፤ አየርም በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበት የመያዝ አቅሙ ከመቶ 7 እጅ ያህል ስለሚጨምር፣ ዝናብ በዘገየበት ወራት ከሣሩና ከቅጠሉ የቀረውን ወዝ እየመጠጠ ያደርቀዋል። የባሌው እረኛ በከሰሉ ጢስ ውስጥ ያለው ድርሻ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ (ለነገሩ የከሰሉን ትርፍም አልቀመሰም)፤ ይሁንና ክብሪቱን የሚጭረው የእርሱ እጅ ነው።

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፤ በደል በእውቀት ይመዘናልና፣ እያወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ከሰልና ዘይት ያነደዱት መንግሥታት የዕዳው ታላቅ ክፍል አለባቸው፤ እረኛውም ምድሩ መለወጡን በዓይኑ ካየበት ቀን ጀምሮ የአባቶቹን ልማድ ምክንያት አድርጎ ነፃ ሊወጣ አይችልም። እሳትን ፈጽሞ የሚከለክል ሕግ ደግሞ ሰውየውን ከልማዱ አያወጣውም፤ ተደብቆ፣ ሣሩ ክው ብሎ በደረቀበትና ነፋስ በበረታበት ቀን እንዲለኩስ ይገፋዋል እንጂ። ስለዚህ የደን ሹማምንት ከአገር ሽማግሎች ጋር ተቀምጠው፣ በኅዳር፣ ሣሩ ገና እርጥበት ሳለው፣ የትኛው ገመገም እንደሚቃጠልና የትኛው እንደሚጠበቅ አብረው ይወስኑ ዘንድ እለምናለሁ።