ዝንብን ከምድር ማጥፋት ይፈቀዳልን?

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይላል የአማርኛ ተረት። የደካሞች ብዛት ብቻውን ኃይል እንደማይሆን ለማስረዳት የተነገረ ነው። ይህን የተረተው ሰው ግን ደገኛ ሳይሆን አይቀርም። ወደ ቆላ ወርዶ በዴዴሳ፣ በኦሞ ወይም በባሮ ሸለቆ ከብት ያረባ ሰው እንዲህ ብሎ ለመተረት አይደፍርም ነበር። በእነዚያ ሸለቆዎች ዝንብ ጋን ባይከፍትም በረት ይዘጋልና።

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመ ጊዜ «ዝንብ» የሚለውን የአማርኛ ቃል ሳይተረጉም እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ አሻግሮታል። በእርሱ ትረካ የዚህ ተናካሽ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ከብቱ ግጦሹን ትቶ ይበረግጋል፤ እረኞችም ለሙን ጥቁር አፈር ጥለው ወደ አትባራ አሸዋ ይሰደዳሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ በእጁ እሽ ብሎ ከገበታው የሚያባርረው ተራ ነገር፣ ለአውሮፓዊው አንባቢ የአስፈሪ ፍጡር ስም ሆነ። የአንዲት ነፍሳት ታናሽነትም ሆነ ታላቅነት የሚለካው በአካሏ መጠን ሳይሆን ለካው ሰው በቆመበት ስፍራ ነው ማለት ነው። ይህ ቁም ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ደም ከሚመጥጡት ነፍሳት ሁሉ ለአፍሪካ ከብት የከፋችው ቆላ ዝንብ፣ በሌላ ስሟ ጸጸ ዝንብ ናት። ወንዱም ሴቷም የሚኖሩት በደም ነው። ትሪፓኖሶማ የተባለውን ረቂቅ ተሕዋስ ከታመመው እንስሳ ወደ ጤነኛው ታሸጋግራለች። በሽታው በኢትዮጵያ ገንዲ ይባላል። የተያዘ በሬ ደሙ እየሳሳ፣ ሥጋው እየጎደለ፣ ቀንበር መሸከም እያቃተው ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። በአህጉሩ ዝንቧ የያዘችው ምድር ወደ 10 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከደጋ ወደ መተከል የተወሰዱ ሰፋሪዎች ይህን በሕይወታቸው አይተውታል። በፓዊ ገንዲ በበሬ ማረስን ስላላስቻለ እርሻው በትራክተር እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ጥማድ በሬውን ያጣ ገበሬ ከበሬው ጋር እውቀቱንም ያጣል።

እንግዲህ የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 በሎሜ ተሰብስበው ዝንቧን ከአህጉሩ ለማጥፋት ዘመቻ እንዲጀመር ሲወስኑ ተቃዋሚ አለመነሣቱ አያስደንቅም። ሆኖም ውሳኔው አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ሰው ያልፈጠረውን ፍጡር ከነዘሩ የመደምሰስ መብት አለውን?

በመጀመሪያ ዝንቧን ራሷን መመልከት ተገቢ ነው። ቆላ ዝንብ እንደ ሌሎቹ ዝንቦች እንቁላሏን በየቦታው አትበትንም። አንዲት እጭ ብቻ በማኅፀኗ ይዛ፣ ወተት መሰል ፈሳሽ እየመገበች ታሳድጋለች፤ በዘጠኝና በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ትወልዳለች። በዕድሜዋ ሙሉ የምትወልዳቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ልጇም ስትወለድ ከተሕዋሱ ንጹሕ ናት፤ በሽታውን የምታገኘው ከታመመ እንስሳ ደም ስትመጥጥ ነው። ክፋትም ሆነ ጥላቻ የላትም፤ የምታደርገው መኖር ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «በደል የሌለባትን ፍጡር መግደል ግፍ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ራስን ከጉዳት መከላከል የአጥቂውን ጥፋተኝነት አይጠይቅም። ጎርፍም በደለኛ አይደለም፤ ሰው ግን ይገድበዋል። የዝንቧ ንጽሕና ከመከላከል አያድናትም። የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው፤ ከጉዳቱ ልክ ያለፈ ጥፋትን።

ይህ ልክ በታሪክ ሲጣስ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1920 በኡጋንዳ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የእንቅልፍ በሽታ ከ200,000 በላይ ሰው እንደገደለ ይገመታል። የቅኝ ገዢው መንግሥት መልስ ከሞት የተረፈውን ሕዝብ ከሐይቁ ዳርቻ ማንሣት ነበር። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ደግሞ ዝንቧ የምትመገበው ደም እንዲጠፋ ተብሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የዱር እንስሳት በጥይት ተገድለዋል። ቆየት ብሎ የተረጨው ዲዲቲና ዲልድሪን ከዝንቡ ጋር ወፉንና ዓሣውንም ፈጅቷል። ለአንዲት ዝንብ የወጣው ፍርድ በሌሎች ላይ ተፈጸመ።

የዛንዚባር ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በኡንጉጃ ደሴት በመጀመሪያ በከብቶች ላይ በተቀባ መድኃኒት የዝንቡ ቁጥር እንዲቀንስ ተደረገ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በጨረር የመከኑ ወንድ ዝንቦች በአውሮፕላን ተለቀቁ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ስለምትዳራ፣ ከመከነው ጋር ከተገናኘች ትውልዷ በዚያው ያበቃል። ከ8 ሚሊዮን በላይ ወንዶች ከተለቀቁ በኋላ የመጨረሻዋ የዱር ዝንብ በመስከረም 1996 ተያዘች። የጆዛኒ ደን አልተመነጠረም፤ በዚያ ደሴት የሚገኘው ቀይ ጉሬዛም አልተገደለም። የደሴቱ ገበሬ ወተቱ በዛለት፤ በበሬም ማረስ ቻለ። በዚያ የጠፋው የዝንብ ዓይነት በአህጉሩ የምሥራቅ ጠረፍ ዛሬም ይኖራል። የተፈጸመው እንግዲህ አንድን ስፍራ ነጻ ማውጣት እንጂ ዘርን ከምድር ማጥፋት አልነበረም። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም፤ የመጀመሪያውን የሚፈቅደው ምክንያት ሁለተኛውን አይፈቅድምና።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «ደኑንና የዱር እንስሳውን እስከ ዛሬ ያቆየችው ዝንቧ ናት፤ ከብት እንዳይገባ የከለከለች ዘበኛ ናት» ይባላል። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የዚህች ዘበኛ ደመወዝ በማን ይከፈላል? የሚከፍለው በሬው የሞተበት ገበሬ፣ ልጁ ወተት ያጣበት አርብቶ አደር ነው። ውበቱን ከሩቅ የሚያደንቀው ሰው ከኪሱ ምንም አያወጣም። የአንዱን ደስታ በሌላው ረኀብ መጠበቅ ፍትሕ ሊባል አይችልም። ፍርዱ በሬ ባለው ሰው በኩል መታየት አለበት፤ ብሩስን ያስደነገጠው «ዝንብ» የደጋው ሰው ዝንብ አልነበረምና።

ይሁን እንጂ ዘበኛዋ ስትነሣ በሩ ክፍት ይሆናል። ከዝንቧ ጋር ለትውልዶች የኖሩ ሕዝቦች አሉ፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገንዲን መቋቋም የሚችለውን የሸኮ ከብት ያቆዩ አርቢዎች ከእነዚህ ናቸው። ምድሩ ከዝንብ ሲጸዳ በመጀመሪያ የሚገባው ማን ነው? በዶማ የኖረው ባለ አገር በሬ ይጠምድበታል ወይስ ከሩቅ የመጣ ባለ ገንዘብ ያጥረዋል? ደኑስ ለስንት ዓመት ይቆማል? እዚህ ላይ ጥያቄው ከዝንብ ወደ መሬትና ወደ ሕግ ይሸጋገራል፤ ጨረርም ሆነ አውሮፕላን አይመልሰውም።

ስለዚህ መልሱ «አዎን» ነው፤ ግን ግዴታ ያለበት አዎን። ዝንቧን ከገበሬው ማሳ ማስወጣት ይፈቀዳል፤ በሬው የሞተበት ሰው ፊት ሌላ መልስ ይዞ መቆም አይቻልም። ያስወጣት ሰው ግን እሷ ሳታውቀው ስትሠራው የኖረችውን ሥራ እያወቀ ሊሠራ ይገባል። ደኑን በሕግ፣ የባለ አገሩን ይዞታ በፍርድ፣ ግጦሹን በልክ መጠበቅ አለበት። ይህን ያላደረገ እንደሆነ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተራቆተውን ሸለቆ የሚያዩ ልጆች ከሁለቱ ደም መጣጮች የከፋው የትኛው እንደነበር መጠየቃቸው አይቀርም።