ሽንፈቱ የማን ነው?

ልጅ ተሸንፎ ከሜዳ ሲወጣ «ይማርበታል» ማለት ልማዳችን ነው። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ትምህርቱ ከልጁ ይልቅ ለወላጁ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ለሽንፈት እንግዳ አይደለም። ጠዋት ብዩን ተበልቶ፣ ከሰዓት በኳስ ተሸንፎ፣ ማታ ሁሉንም ረስቶ ይተኛል። ነገሩ የሚከብደው ለራሱ መጫወቱ ቀርቶ የቤተሰቡን ስም ለማስጠራት፣ የታኬታውንና የትራንስፖርቱን ወጪ ለመካስ የተላከ እንደሆነ ነው። ያኔ የተሸነፈው ማን እንደሆነ ይምታታል። አባት አኩርፎ የመልሱን መንገድ በዝምታ ሲጨርሰው፣ ልጁ እስከዚያች ቀን ያገኘው ፍቅር ብድር እንደነበር ይገባዋል።

ይህን መምታታት ለማጥራት ከሞከሩት አንዷ ኖርዌይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የሕፃናት ስፖርት ደንቧ፣ ልጆች ወደ 11 ዓመት እስኪደርሱ የውጤት ዝርዝርና የደረጃ ሠንጠረዥ እንዳይወጣላቸው ይከለክላል፤ ብሔራዊ ሻምፒዮናም ከ13 ዓመት በፊት የለም። «ልጅ ማሞላቀቅ ነው» የሚል ተቃውሞ ወዲያው ይነሣል። ደንቡ ግን መሸነፍን አልሻረም። ግጥሚያው አለ፤ ጎሉንም ልጆቹ ራሳቸው ከማንም በፊት ይቆጥሩታል። የተነሣው ሠንጠረዡ ነው፤ ሠንጠረዥ ላይ የሚያፈጠው ደግሞ በአብዛኛው አዋቂው ነው። ይህች አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት አገር እ.ኤ.አ. በ2022 የቤይጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ አግኝታ አንደኛ ወጥታለች። ድሉን ያመጣው ደንቡ ነው ማለቴ አይደለም፤ በረዶውም ገንዘቡም አለ። ልጆቿ ተሞላቀው ቀሩ ማለት ግን አይቻልም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከእኛው ዘንድ ይመጣል። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ባፈራው የበቆጂ አካባቢ ሩጫ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ለድሃ ቤተሰብ «ውጤቱ ምንም አይደለም» ማለት ቀልድ ይመስላል። እኔም አልለውም። ይሁን እንጂ ከሚሮጡት ልጆች እጅግ የሚበዙት ኦሊምፒክ አይደርሱም፤ ድህነቱም ሽንፈቱን ያከብደዋል እንጂ ባለቤቱን አይለውጠውም። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10 ሺህ ሜትር አምስተኛ ሲወጣ ፍቅራችን አልቀነሰም፤ የቡድን ጓደኞቹ ቀነኒሳና ስለሺም በሩጫው መሐል ፍጥነታቸውን ቀንሰው ሊጠብቁት ሞክረው ነበር። ደግ ሥራ ነው። ግን ኃይሌ ከአትላንታና ከሲድኒ ያመጣቸው ሁለት ወርቆች ነበሩት፤ ለክብሩ አስቀድሞ ከፍሏል። የ12 ዓመት ልጅ ያስቀመጠው ድል የለውም፤ ያለ ቀብድ ሊያከብረው የሚችለው ቤቱ ብቻ ነው። እናም ወላጆች ሆይ፣ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ለአሠልጣኙ ተዉለት፤ ሥራው ነው።