የሚታጠፍ ክንፍና የማይታጠፍ ልክ

ለሁኔታው እየታጠፈ የሚሠራ ሕግ ሕግነቱን ይዞ ይኖራል ወይስ በታጠፈ ቁጥር እየሳሳ ይጠፋል የሚለው ጥያቄ ፈላስፎችንም የሃይማኖት ሊቃውንትንም ለብዙ ዘመናት ሲያከራክር የኖረ ነው። ጥያቄው በአብዛኛው የሚነሣው ስለ ፍርድና ስለ ንስሐ በሚነገርበት ቦታ ነው፤ ይሁን እንጂ የሰው ፈቃድና ስሜት ሳይጋርደው ወለል ብሎ የሚታየው በአንድ እምብዛም በማይታሰብ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በሰርፍ ሰሌዳ፣ ማለትም ሰው ቆሞበት በማዕበል ፊት በሚንሸራተትበት ረጅምና ቀጭን ሰሌዳ ሥር በሚተከለው ክንፍ ላይ ነው።

የሃዋይ ደሴቶች ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የተንሸራተቱበት የእንጨት ሰሌዳ ይህ ክንፍ አልነበረውም። ጋላቢው አንድ እግሩን ውኃው ውስጥ እየጎተተ አቅጣጫውን ሊያስተካክል ይሞክር ነበር፤ ማዕበሉ እንደ ገደል ቀጥ ሲል ግን የሰሌዳው ጅራት ወደ ጎን እያመለጠ ይጥለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካዊው ቶም ብሌክ ከተጣለ ፈጣን ጀልባ ሆድ የነቀለውን ዝርግ ክንፍ በሰሌዳው ጅራት ሥር ሲያስር ጅራቱ ውኃውን መያዝ ጀመረ። ሰሌዳው ላይ እንቅፋት የጨመረ ሰው ወደፈለገበት የመሄድ ነጻነትን አተረፈ፤ ይህም ነገር የሚያስገርመው ነጻነትን ከእንቅፋት አለመኖር ጋር አንድ አድርጎ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው። አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1781 ባሳተመው የንጹሕ አእምሮ ሂስ መግቢያ ላይ የአየሩ ተቃውሞ የተሰማት ርግብ አየር በሌለበት ባዶ ስፍራ ይበልጥ ቀልሏት የምትበር ሊመስላት እንደሚችል ያነሣል። ካንት ምሳሌውን ያመጣው ከልምድ ተለይቶ ሊበር የሚሻን አስተሳሰብ ለመገሠጽ ቢሆንም፣ ርግቢቱን የሚቋቋማት አየር ራሱ የሚሸከማት መሆኑ ለብሌክ ክንፍም ሳይቀየር ይሠራል።

ክንፉ በውኃ ውስጥ የሚገዛበት ሕግ የአውሮፕላን ክንፍ በአየር ውስጥ የሚገዛበት ሕግ ነው። ውኃው በክንፉ ግራና ቀኝ እኩል ሲያልፍ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል አይኖርም፤ ጋላቢው ሰሌዳውን አጋድሎ ሲያዞርና ፍሰቱ ክንፉን በማዕዘን ሲመታው ግን በአንደኛው ገጽ ያለው ግፊት ከሌላኛው ይበልጥና የጎን ኃይል ይፈጠራል፤ ሰሌዳው ሳያመልጥ የሚዞረው በዚህ ኃይል ነው። ማዕዘኑ እየሰፋ ሲሄድ የጎን ኃይሉ ያድጋል፤ ፍጥነትን የሚቀንሰው ጎታች ኃይልም አብሮት ያድጋል፤ ማዕዘኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ፍሰቱ ከክንፉ ገጽ ይላቀቅና ሰሌዳው በድንገት ይከዳል። አውስትራሊያዊው ሳይመን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራው፣ ዛሬም እጅግ የተለመደው ባለ ሦስት ክንፍ ሰሌዳ የጎን ኃይሉን ዋጋ በግልጽ ያሳያል። የሁለቱ ጎን ክንፎች የፊት ጫፍ በጥቂቱ ወደ መካከል ዘወር ተደርጎ ስለሚተከል ሰሌዳው ገና መዞር ሲጀምር ክንፎቹ ፍሰቱን በማዕዘን ለመቀበል የተዘጋጁ ናቸው፤ ነገር ግን ቀጥታ በሚሮጥበት ጊዜ ሁሉ የአንዱ የጎን ግፊት በሌላው ግፊት ሲሻር፣ የሁለቱም መጎተት ሳይሻር ይቀራል።

የሚንቀሳቀስ ክንፍ የተፈለገው ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት ነው። ቀላሉ ዓይነት በሰሌዳው ሥር በተቆረጠ ጠባብ ቦይ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋው ነው፤ ወደ ፊት ሲመጣ ሰሌዳው በቀላሉ ይዞራል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ በፍጥነት ላይ ይረጋል፤ ምርጫው ግን በየብስ ላይ ተደርጎ፣ ቡሎኑ ጠብቆ ያለቀ ነው። ከዚህ የሚደፍረው በዘንግ ላይ ተተክሎ በጉዞው መካከል ራሱ የሚዞረው ክንፍ ሲሆን፣ የጥያቄው ክብደት በሙሉ ያረፈው በዚህኛው ላይ ነው። ዘንጉ በፊት ጫፉ አጠገብ ያለና ምንም የማያግደው ክንፍ ነፋስ ጠቋሚ ለነፋስ እንደሚዞር ፍሰቱ ወደ ዞረበት ሁሉ ይዞራል፤ መጎተቱ እጅግ ያንሳል፤ ፍሰቱን በማዕዘን ስለማይቀበል ግን የጎን ኃይል ከቶ አይሰጥም፤ ሰሌዳውም ከብሌክ በፊት ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ የሚጠቅመው እስከ ጥቂት ዲግሪ ድረስ ፍሰቱን ተከትሎ ከዚያ በኋላ በማገጃ ላይ የሚቆም ክንፍ ነው። በቀጥታ ሩጫ ጊዜ ከውኃው ጋር ይስማማል፤ በመዞሪያው ላይ ግን ይቋቋመዋል። አሜሪካዊው ጆርጅ ግሪኖው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከቱና ዓሣ ጅራት ቅርጽ ተነሥቶ የሠራቸው ክንፎች ዘንግ ሳይኖራቸው ወደዚሁ ይደርሳሉ፤ ግርጌያቸው ጽኑ፣ ጫፋቸው ተለማጭ ነው፤ ተንሸራታቹ ናት ያንግም እ.ኤ.አ. በ1966 በሳን ዲዬጎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የግሪኖው ክንፍ በተተከለበት ሰሌዳ ነው። በሁለቱም ዓይነት የመታጠፉን ልክ የወሰነው ሠሪው እንጂ ውኃው አይደለም።

አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አምስተኛ መጽሐፍ ስለ ርትዕ፣ ማለትም አጠቃላዩን ሕግ ለልዩ ጉዳይ ስለሚያቃና ፍትሕ ሲጽፍ፣ የሌዝቦስ ግንበኞች ይጠቀሙበት የነበረውን ከእርሳስ ብረት የተሠራ ማስመሪያ ያነሣል፤ ማስመሪያው የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ ይታጠፋል። ምሳሌው ብዙ ጊዜ ለመለሳለስ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ሆኖም እርሳሱ ከድንጋዩ ጋር ቢታጠፍም እንደማይለጠጥ፣ ርዝመቱም በጎባጣውም በቀጥታውም ድንጋይ ላይ አንድ እንደሆነ እምብዛም አይስተዋልም። ቢለጠጥ ኖሮ ድንጋዩን መምሰል እንጂ መለካት አይችልም ነበር። አርስቶትልም ዳኛው ሕጉን የሚያቃናው ሕግ አውጪው በቦታው ቢገኝ ኖሮ ሊል የሚችለውን በማለት ነው ሲል፣ ልኩ የሚመጣው ከጉዳዩ ሳይሆን ከሕጉ ዓላማ መሆኑን ያመለክታል።

ክንፍ የሌላቸው ሰሌዳዎች ዛሬ እንደገና በመሠራታቸው፣ በእነርሱም ላይ በሚያስደንቅ ፍጥነትና ውበት የሚንሸራተቱ ሰዎች በመኖራቸው፣ ማገጃ አስፈላጊ አይደለም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ክርክሩም ክብደት አለው። አላያ የሚባለው ጥንታዊ ቀጭን የሃዋይ ሰሌዳ ከክንፍ የሚመጣ መጎተት ስለሌለበት እጅግ ይፈጥናል። ነገር ግን ጋላቢው የሚዞረው የሰሌዳውን ጠርዝ ማዕበሉ ውስጥ በመቅበር ነው፤ ክንፉ ይሠራው የነበረውን መያዝ ጠርዙና የሰውየው የሠለጠነ ሰውነት ተረክበውታል። መቋቋሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም።

በንስሐም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ የተነሳሒውን ዕድሜ፣ ጤናና አቅም ይመዝናል፤ ለብርቱው ጾምና ስግደት ባዘዘበት ኃጢአት ለደካማው ጸሎትና ምጽዋት ሊያዝ ይችላል። የሚታጠፈው የቀኖናው መጠን ነው፤ ኃጢአቱን ኃጢአት ብሎ መጥራትና ወደ ንስሐ መመለስ ግን ለሁለቱም አይታጠፍም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሰው ለራሱ በሚፈርድበት ጊዜ ያለው ሁኔታ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚገፋው ፍላጎትና ማገጃውን የሚያኖረው ፈቃድ በአንድ ልብ ውስጥ ስለሚገኙ ማገጃው ከግፊቱ ጋር አብሮ ሊንሸራተት ይችላል። ተነሳሒው ቀኖናውን ለራሱ እንዲያዝ የማይተውለት፣ ካህኑም ራሱ ለሌላ ካህን እንዲናዘዝ የሚደረገው ልኩ ከሚገፋው ልብ ውጭ እንዲቆም ነው።