በእርምጃ መማር፥ በግልቢያ መፈተን

አስቸጋሪ የሆነ ጥበብን ሊማር የተነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም ነገሩን በዝግታ እየከፋፈለ ይለማመደው፥ ወይስ ሥራው በሚጠይቀው በእውነተኛው ፍጥነት ወዲያውኑ ይግባበት የሚል ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የእጅና የእግር ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን ከሰው ጠባይ ጋራ የተያያዘ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ልናስብበት ወደድን።

ምሳሌያችንን የምንወስደው ከተወለድንበት አገር ከመንዝ ነው። በመሐል ሜዳ ዙሪያ ያለው ምድር ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ ሲሆን፥ ገደሉ እስኪጀምር ድረስ ለጥ ያለ ስለ ሆነ ለፈረስ ይመቻል። በጥምቀት በዓል ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ ወንዶቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ጉግስ ይገጥማሉ። ጉግስ የውጊያ ጨዋታ ነው፤ የጥንቱ ፈረሰኛ ራሱንም ፈረሱንም ለጦርነት ያዘጋጅበት ስለ ነበር፥ ጨዋታ ይባል እንጂ ቀልድ አይደለም። አንዱ ይሸሻል፥ ሌላው ያሳድዳል። የሚሸሸው ፈረሱን ሽምጥ እየጋለበ፥ ወገቡን ወደ ኋላ አዙሮ በጋሻው ጀርባውን ይከልላል፤ ልጓሙን ሳይለቅና ከእርካቡ ሳይናጋ ዓይኑን ከአሳዳጁ እጅ ላይ አያነሣም። አሳዳጁም በዚያው ግልቢያ ላይ ሆኖ ዘንጉን ወደ ጋሻው ይወረውራል። ጋሻውን መምታት ሙያ ነው፤ ሰውን ማቍሰል ግን ነውር ነው።

ይህን ጥበብ ያስተማሩን አጎታችን ነበሩ። እሳቸውም ፈረሱን በእርምጃ ብቻ እያስኬዱ፥ ክንዳችን የሚነሣበትን፥ ትከሻችን የሚዞርበትን፥ ዘንጉ ከጣታችን የሚለቀቅበትን ስፍራ አንድ በአንድ ያሳዩን ነበር። «ልጄ፥ እጅህ መንገዱን ሳያውቅ ፈረሱን አታስሩጠው» ይሉ ነበር። እኛ ግን አፈርን። በእርምጃ ላይ ሆኖ እንደ ጦረኛ ወደ ኋላ የሚዞር ልጅ ለተመልካች ያስቃል፤ ውኃ ሊቀዱ የወረዱት ልጃገረዶች አይተው ሳቁብን። ከዚያ ወዲህ አጎታችን በሌሉበት በግልቢያ ብቻ እንለማመድ ጀመር፤ ዘንጉም አልፎ አልፎ ጋሻውን ስለሚያገኝ የተማርን መሰለን። በተከታዩ ጥምቀት አብሮ አደግ ጓደኛችንን ስናሳድድ ዘንጉ ከእጃችን ጥቂት ዘግይቶ ወጣ፤ ከጋሻውም በላይ አልፎ አንድ ዓይኑን መታው። ሽማግሌዎች ገቡ፥ ቤተ ሰቦቻችን ታረቁ፥ እርሱም ከልቡ ይቅር አለን፤ ዓይኑ ግን አልተመለሰም።

ከዚህ የተማርነው የመጀመሪያው ነገር፥ የቸኰለ ሰው የችኰላውን ዕዳ ሁልጊዜ ራሱ እንደማይከፍል ነው። ሁለተኛም በፍጥነት ውስጥ ስሕተት እንደሚደበቅ ተረዳን። ዐሥር ጊዜ ወርውሮ ሦስት ጊዜ የሚያገኝ ሰው ያገኘበትንም ሆነ የሳተበትን ምክንያት አያውቅም፤ እጁም መሳቱንና ማግኘቱን ሳይለይ ሁለቱንም ይለምዳል። ዝግታ ግን ስሕተትን አውጥቶ ያሳያል። ሰው ዝግታን የሚጠላው ብዙውን ጊዜ ጊዜ ስለሚፈጅበት ሳይሆን፥ ጉድለቱን በሰው ፊት ስለሚገልጥበት ነው።

አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብ የሚማር ልጅ በመጀመሪያ በቍጥር፥ ማለት ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ በግዕዝ፥ ቀጥሎም በውርድ ንባብ፥ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያነባል። ጽሑፉ ያው አንዱ ነው፤ የሚለወጠው አካሄዱ ነው። በአቋቋምም እንደዚሁ አንዱ ቃል በቁም ይዜማል፥ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፥ ከዚያም ከበሮ እየተመታ በመረግድ፥ በመጨረሻም በጭብጨባ በጽፋት እየፈጠነ ይሄዳል። በቍጥር መጀመሩን እንደ ውርደት የሚቈጥር ሊቅ የለም።

ይሁን እንጂ ክርክሩ በዚህ አያበቃም። ከዚያ አደጋ በኋላ ፈርተን ሁለት ዓመት ሙሉ ፈረሱን ከእርምጃ አላሳለፍነውም። ክንዳችን ተስተካከለ፥ ትከሻችንም መዞርን ለመደ፤ አጎታችንም አመሰገኑን። ነገር ግን በሦስተኛው ዓመት በጋለብን ጊዜ የተማርነው ሁሉ እንደ ጉም በነነ፤ ክንዳችን የሚያውቀው ፈረስ ሌላ፥ ከሥራችን ያለው ፈረስ ሌላ ሆነብን። ዘንጉን ሳንወረውር ሜዳው አለቀ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው አጎታችን፥ «ዝግታ ምን እንደምታደርግ አስተማረህ፤ መቼ እንደምታደርገው ግን የሚያስተምርህ ግልቢያው ነው» አሉን።

ቃላቸው እውነት መሆኑን የሚያስረዳ ታሪክ በኋላ በመጽሐፍ አገኘን። እ.ኤ.አ. በ1878 ዓ.ም. ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ ብዙ ካሜራዎችን በተርታ አቁሞ የሚጋልብ ፈረስን በተከታታይ አነሣ። የሰው ዓይን ሊለየው ያልቻለው ነገር በሥዕሉ ላይ ታየ፤ ይኸውም በግልቢያ ጊዜ አራቱም የፈረሱ እግሮች ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት መኖሩ ነው። ይህ ታሪክ ለሁለቱም ወገን ይመሰክራል። እውነቱ የተገለጠው እንቅስቃሴው ተቈራርጦ በመቆሙ ስለ ሆነ ለዝግታ ምስክር ነው። ነገር ግን የተገለጠው እውነት በእርምጃ ጊዜ ፈጽሞ አይገኝም፤ የሚራመድ ፈረስ ሁልጊዜ እግሩ መሬት ይነካልና። እንግዲህ ግልቢያ ማለት የፈጠነ እርምጃ አይደለም፤ የራሱ የሆነ ሌላ ነገር ነው። በንባብም ቢሆን ተነሽና ወዳቂ የሚባሉት የአነባበብ ሥርዓቶች በሙሉ ቃል ላይ የሚታወቁ ስለ ሆኑ፥ ፊደል እየጠራ በሚያነብ ልጅ አንደበት አይሰሙም።

በዛሬው ጊዜ በከተማ ያሉ ወጣቶች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በሚጫወቱት የድብድብ ጨዋታ ሳይቀር ይኸው ክርክር አለ። ከባዱን የምት ቅንብር ጨዋታውን አዘግይቶ መለማመድ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ጣት ትክክለኛውን ጊዜ የሚያውቀው በእውነተኛው ፍጥነት ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም የእውነትን ግማሽ ይዘዋል። በእኛ አስተያየት ተማሪው እጁ እስኪጠራ ድረስ በእርምጃ ይጀምር፤ ከዚያ ወደ ሶምሶማ፥ ከሶምሶማም ወደ ግልቢያ ይውጣ፤ ስሕተት ባገኘበትም ስፍራ ሳያፍር ወደ ኋላ ተመልሶ ያንኑ ክፍል ያጥራ። ግልቢያውንም ብዙ ሳይዘገይ ይቅመሰው፤ ነገር ግን በዘንግ ፈንታ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ሸምበቆ ይያዝ። ፍጥነቱን መቀነስ በማንችልበት ጊዜ ጉዳቱን መቀነስ እንችላለንና።

ነገሩ ከፈረስ ሜዳ አልፎ ወደየመሥሪያ ቤታችንም ይገባል። አዲስ ሥራ የተሰጠው ሠራተኛ ደንቡን ሳያጠና፥ ዐዋቂ ለመምሰል ሲል በችኰላ ቢወስን የሚጐዳው ባለጕዳዩ ነው። በሌላ በኩል ሥራውን ከተማረ በኋላ እንኳ ኀላፊነትን ፈርቶ ፋይሉን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያዘዋውር ሠራተኛ፥ ለራሱ ጥንቃቄ ነው ይበለው እንጂ፥ ከእርምጃ መውጣትን የፈራ ፈረሰኛ ነው። ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ተነሥቶ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው የዚያን ፍርሃት ዋጋ በስንቁና በቀኑ ይከፍላል። ችኵሉ ጉድለቱን ላለማየት ይፈጥናል፤ ፈሪው ጉድለቱ እንዳይታይበት ይዘገያል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም የሚሸሹት ከአንድ ነገር ነው።

ምናልባት አንባቢ፥ «ጠላትም ሆነ ችግር ሲመጣ እስክትለማመዱ ልጠብቃችሁ አይልም፤ ታዲያ ዝግታ ለምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። እኛም የምንመልሰው፥ በመከራ ቀን ዝግታ ስለማይገኝ ነው በደኅናው ቀን የሚያስፈልገው ብለን ነው። ስለዚህ ዝግታችን መልካም ወይም ክፉ መሆኑን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ይኸውም ይህ ዝግታ ነገ ወደ ግልቢያ የሚያደርሰን ነውን፥ ወይስ ከግልቢያ የሚያስቀረን? የሚል ነው።

ባለፈው ጥምቀት ወደ አገራችን በሄድን ጊዜ ያ ጓደኛችን ልጁን በሜዳው ዳር ጉግስ ሲያስተምር አገኘነው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሸምበቆውን በእጃችን አስይዞ፥ «ና፥ አንተ አሳድደው» አለን። እጃችን ተንቀጠቀጠ፤ እርሱ ግን በቀረችው በአንዲቱ ዓይኑ እያየን ዝም አለ። ሦስት ጊዜ በእርምጃ አሳደድነው። በአራተኛው ጊዜ፥ «አሁን አስሩጡ» አለ። ልጁ ፈረሱን ኰለኰለ፥ ዞረ፥ ጋሻውን አነሣ፤ ሸምበቆውም የጋሻውን መካከል መታ። አባቱ አልሳቀም፥ አላጨበጨበምም። ወደ ልጁ ቀርቦ የእርካቡን ማሰሪያ አስተካከለለትና፥ «መልካም ነው፤ አሁን ደግሞ እንደገና በእርምጃ» አለ።