ቤቱን የጫነ ሰው መንገደኛ ነው?



የዛሬው የጁሙዓ ሐሳባችን የሚነሳው ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው። አትሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

አጎቴ ሰንበቴና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች 35 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። የባሌን ተራሮች፣ የባሮን ወንዝ፣ የጫሞን ሐይቅ፣ የዳሎልን ዝቅታ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲስሉ ኖረው አንዱንም በዓይናቸው አላዩም። በሰሜን ደሴን፣ በደቡብ አዲስ አበባን አልፈው አያውቁም። 60 ዓመት ሞላቸውና ጡረታ ወጡ። በሦስተኛው ወር ግድም አንድ ምሽት ስልካቸውን ዘረጉልኝ። ፀጉራቸው የነጣ ፈረንጅ ባልና ሚስት መኪና ውስጥ ይኖራሉ። አልጋው ከኋላ፣ ምድጃው በጎን፣ በመስኮቱ ባሕር ይታያል።

«ይኸውልህ» አሉኝ፤ «ከእንግዲህ እንዲህ ነው የምኖረው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሌላ ቀን ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ሲመጡ ግን ቁጭ ብለን አሰላን።

የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ስሌት ይታወቃል። 10 ዓመት ላገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የአጎቴ 35 ዓመት 61.25 በመቶ መጣ። በአስተማሪ ደመወዝ 61.25 በመቶ ነዳጅ እየሞሉ አገር መዞርን እናንተው አስቡት። መኪናውስ? ወንበሩ ወልቆ ፍራሽ የሚነጠፍበት አሮጌ ሚኒባስ እንኳ የሚገዛው ቤቱ ከተሸጠ ብቻ ነው። ሦስት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ግቢው ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ ያለበት ቤት።

«ይሸጣላ!» አሉ።

ሌላውንም ጻፍን። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ መለዋወጫ ጎማ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ጻፍን። እዚህ ላይ ትንሽ ቆምን፤ ምክንያቱም የጤና መድህን ካርዳቸው በቅድሚያ የሚሠራው በተመዘገቡበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሪፈር ያስፈልጋል። ካርዱም ቢሆን ሰው የሆነ ቦታ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ነው። አዳር የትነው? ብለን ጠየቅን። የመስጂድ ግቢ፣ የሚያውቁት ሰው ደጅ፣ ነዳጅ ማደያ፤ ሳያስፈቅዱ መንገድ ዳር ማደር እንደማይሆን ተስማማን። ደብተሩ ሁለት ገጽ ሞላ።

እዚህ ጋ ስለዚያ ቪዲዮ አንድ ነገር ልበላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ እንደምታዩት አውቃለሁና። አሜሪካ ውስጥ በመኪና ከሚኖሩት አዛውንት ብዙዎቹ ባሕር ሊያዩ የወጡ አይደሉም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመውና በኋላ ፊልም የሆነው «ኖማድላንድ» የተሰኘ መጽሐፍ የሚተርከው ስለእነዚህ ነው። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ ቤታቸውን ያጡ፣ ጡረታቸው ለኪራይ ያልበቃ፣ በስተርጅና በአማዞን መጋዘን ዕቃ የሚለቅሙ፣ በሹገር ቢት ሥር ለቀማ የሚቀጠሩ ሰዎች። ቪዲዮው ላይ የሚታየው መስኮቱ ነው። ለምን እንደወጡ አይታይም።

አጎቴ ግን ቤት አላቸው። ማንም አላባረራቸውም። ስለዚህ ጥያቄው የችግር ሳይሆን የመብት ነው። 60 ዓመት የሞላው ሰው፣ ልጆቹን ያሳደገ፣ ሥራውን የጨረሰ፣ ቤቱን ሸጦ እስከ ዕለተ ሞቱ መንገድ ላይ ልኑር ቢል ይችላል ወይ? ዕዳ አለበት የምንለው ለማን ነው?

ጉዞው ራሱ ነውር የለበትም። ቁርኣን በምድር ላይ ሂዱና ተመልከቱ እያለ በተደጋጋሚ ይጠራል። እንዲያውም ሱረቱ ነሕል 80ኛ አንቀጽ ላይ አላህ ሁለት ዓይነት ቤት እንደሰጠን ያወሳል፤ የምናርፍበትን ቤት፣ ደግሞም ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራ፣ በጉዞም ሆነ በምናርፍበት ቀን የሚቀለንን ቤት። ሁለቱም በአንድ አንቀጽ እንደ ጸጋ ተቆጥረዋል። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸው፤ «አየህ!» አሉ።

ግን የፊቅህ ሊቃውንት ድሮ የተከራከሩበት አንድ መርከበኛ አለ። ቤቱ መርከቡ ነው፤ ቤተሰቡ አብሮት ነው፤ በየብስ ላይ ሌላ ቤት የለውም። ይህ ሰው ሶላቱን ያሳጥራል? በኢማሙ ሻፊዒይ ዘንድ ያሳጥራል፤ እየተጓዘ ነውና። በኢማሙ አሕመድ ዘንድ ግን አያሳጥርም፤ ቤቱ ከእርሱ ጋር ነውና የመንገደኛ ፈቃድ አይሰጠውም። ኢብኑ ቁዳማ በአል-ሙግኒ ላይ ይህን ልዩነት አስፍረውታል። እኔ ፈትዋ ልሰጥ አይደለም፤ ለዚያ ዓሊም ጠይቁ። እኔን የያዘኝ ጥያቄው ነው። መንገደኛ የሚባለው የሚሄድ ሰው ነው ወይስ የተወው ነገር ያለ ሰው? ቤቱን ጠቅልሎ የጫነ ሰው ከምን ተለይቶ ነው መንገደኛ የሚሆነው?

(ቃሉም ያስገርማል። በዐረብኛ ሰፈር ማለት ጉዞ ነው። በእኛ አማርኛ ሰፈር ማለት ጎረቤት ያለበት ቦታ ነው።)

መንገደኛ ጁሙዓ ግዴታ አይሆንበትም። ለአንድ ሳምንት ጉዞ ይህ እዝነት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሲሆንስ? በየሳምንቱ በሌላ ከተማ መስጂድ ገብቶ ቢሰግድ እንኳ ባይመጣ «የት ሄደ?» የሚል የለም። አጎቴ በሰንበቴ መስጂድ ሁለተኛው ሶፍ ላይ በግራ በኩል ነው የሚቆሙት። አንድ ጁሙዓ ቀርተው ከሆነ ከዐስር በፊት ሰው ቤታቸው ይመጣል። ቅሬውም እንዲሁ ነው። የቅሬ መዋጮ በባንክ ይላካል። ጉድጓድ መቆፈርና ቃሬዛ መሸከም ግን አይላክም። ሰው ሞቶ ቀብር ላይ ያልታየ ሰው ብሩን ቢከፍልም ቅሬተኛ አይባልም።

ይህን ስላቸው አጎቴ ተቆጡ። የተናገሩት ዛሬም ያሳስበኛል።

«አንተ ልጅ፣ የእኔ ሁለቱ ልጆች ጂዳ ናቸው፤ አንዷ አዲስ አበባ። አንተም ሥራህ ከሚሴ ነው። ስትሄዱ የቅሬ ሒሳብ የጠየቃችሁ አለ? ለአረፋ መጥታችሁ የምትገቡበት ቤት እንዲኖር እኔ ዘበኛ ሆኜ ልቀመጥ?»

መልስ አልነበረኝም። እናንተስ አላችሁ? እኛ ወጣቶቹ መሄድን ለራሳችን መብት፣ መቀመጥን ለአባቶቻችን ግዴታ አድርገን ይዘናል። ቤቱ አይሸጥ ስንል ለእርሳቸው አስበን ነው ወይስ ለአረፋችን? እኔ በበኩሌ ግማሽ በግማሽ ነበር፤ አልዋሽም።

ያኔ እስካሁን ዝም ብለው ቡና ሲያፈሉ የነበሩት አክስቴ ተናገሩ። አክስቴ ብዙ አይናገሩም።

«እሱስ ጡረታ ወጣ» አሉ። «እኔን ማን ጡረታ አወጣኝ? ቪዲዮው ላይ ምድጃው ከመኪናው ጎን ነው። ምድጃው አጠገብ የምቆመው እኔ ነኝ። እዚህ ከጎረቤት ጋር እየተጫወትኩ ነው የማበስለው፤ እዚያ ብቻዬን።»

ሁለት ገጽ በሞላው ደብተር ላይ የአክስቴ ስም አንድ ቦታ እንኳ አልነበረም። ጀሪካኑ ነበር።

አክስቴ ሌላም ነገር አነሱ፤ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። እኛ አገር መሽቶበት «የአላህ እንግዳ ነኝ» ያለን ሰው ማንም አይመልስም። ቢሆንም እንግድነትም ልክ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ በላይ ያለው ሶደቃ መሆኑን፣ እንግዳም ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ መቆየት እንደማይገባው አስተምረዋል። አክስቴ ሐዲሱን በቃል ባይጠቅሱም ትርጉሙን ኖረውታል። «ቤቱን ከሸጥን በየአገሩ እንግዳ እንሆናለን» አሉ። «ያስተናገደን ሰው አንድ ቀን በሰንበቴ ቢያልፍ የት ብለን እንቀበለዋለን?» ሁልጊዜ እንግዳ፣ መቼም ባለቤት አለመሆን። ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰው ይተኛል፤ ሦስተኛ አይገባም።

እሁድ ነበርና ከዚያ ገበያ ወጣን። የሰንበቴን እሁድ ያላየ ካለ አንድ ቀን ይምጣ። ከቆላው አፋሩ ግመልና ከብት ይዞ፣ ከደጋው አማራው እህል ጭኖ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ነው። ሰኞ ደግሞ ባቲ ይቆማል። አጎቴ ኦሮምኛና አማርኛ ይችላሉ፤ አፋርኛም ለገበያ ያህል። አንድ ግመል ሊሸጡ የመጡ የአፋር ሽማግሌ ዘንድ ሄደው ቁጭ አሉ። የአፋር ቤት፣ አሪ የሚሉት፣ ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የሚሠራ ነው። ሴቶቹ ይሠሩታል፣ ሴቶቹ ያፈርሱታል፣ በግመል ይጫናል። አጎቴ ጠየቁ፤ ቤት ጭኖ ለመነሳት ዝግጅቱ ምን ያህል ይፈጃል?

ሽማግሌው ሳቁ። ቤቱን መጫን ቀላል ነው አሉ። ቀን የሚፈጀው ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ መነጋገሩ ነው።

እኛ ከተሜዎቹ ዘላን ስንል ያለ ቦታ የሚኖር ይመስለናል። አፋር ግን ብቻውን አይጓዝም። ጎሳው አብሮት ነው፤ የውሃው ጉድጓድ ባለቤቱ ይታወቃል፤ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ማን ታመመ፣ የት ዘነበ። አንድ አፋር ቢሞት ወሬው ለዘመዱ ሳይደርስ ብዙ አያድርም። ቤቱ ይንቀሳቀሳል፤ ሰውየው ግን የት እንዳለ ይታወቃል።

ታላቁን መንገደኛ ኢብን ባጡጣን አስቡት። በ1325 እ.ኤ.አ. በ21 ዓመቱ ወላጆቹን ጥሎ ከጣንጃ ወጣ። መካ ደረሰ፣ ዘይላን አየ፣ ሕንድ ቃዲ ሆነ። በ1348 ደማስቆ ሲመለስ አባቱ ከ15 ዓመት በፊት መሞታቸውን ሰማ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለሞተ አባት በሕይወት እንዳለ ሆኖ ሲያስብ ኖሯል። አገሩ ሊገባ ሲል ደግሞ እናቱ በዚያ ዘመን ወረርሽኝ እንደሞቱ ተነገረው። ያየውን የሚያህል ያየ የለም። ዳጉ ግን አልነበረውም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ የቅጣት ቁራጭ መሆኑን ገልጸው፣ ጉዳዩን የፈጸመ ሰው ወደ ቤተሰቡ እንዲቻኮል አዘዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አጎቴ ይህን ሐዲስ ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ጉዳዬ ምን እንደሆነ ልጻፈው» አሉ። ጻፉትም፤ ባሌ፣ ጋምቤላ፣ ጫሞ፣ ዳሎል። አራት ቦታ። ለአራት ቦታ ቤት አይሸጥም፤ ሚኒባስም አያስፈልግም፤ አውቶብስ አለ። አክስቴም ባሌን እሺ አሉ፤ «ሽሮውን አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ» ብለው። አጎቴ ሽሮ መሥራት እየተለማመዱ ነው። የመጀመሪያው አሯል።

ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ጀመሩ። ኢማሙ ገዛሊ ስለ ጉዞ ሥርዓት በጻፉት ላይ መንገደኛው አስቀድሞ የበደለውን እንዲክስ፣ ዕዳውን እንዲከፍል፣ የያዘውን አማና እንዲመልስ፣ ቀለቡ በእርሱ ላይ ለሆነ ሰው ወጪ እንዲተው ያዛሉ። ምግብና ስንቅ የሚመጣው ከዚያ ኋላ ነው። አጎቴ እንደ አስተማሪ በቁጥር በቁጥር አሰፈሩት። የሱቅ ዕዳ ተከፈለ፤ በእስክሪብቶ ተሰረዘ። የተዋሱት የመምህር መጽሐፍ ተመለሰ፤ ተሰረዘ። ኑዛዜ ተጻፈ፤ ተሰረዘ። መጨረሻ ላይ የአንድ ባልደረባቸው ስም አለ። ከ11 ዓመት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ተቀያይመው እስከ ዛሬ ሰላምታ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ከገበያ መልስ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሰውየው የሉም፤ ልጃቸው ዘንድ ከሚሴ ሄደዋል ተባሉ። አጎቴ ደብተሩን አውጥተው አዩት፤ ሳይሰርዙ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።