አንድ መኪና በሁለት ስም

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ ቶዮታ ኮሮላና ጂኦ ፕሪዝም አብረው ይወጡ ነበር። ፋብሪካው የጄኔራል ሞተርስና የቶዮታ የጋራ ነበር። ሠራተኛው አንድ፣ የሥራው ደንብ አንድ፤ ከቦዲው መልክና ከውስጡ አጨራረስ በቀር ሁለቱም ያው ኮሮላ ናቸው። ሆኖም ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ላይ ፕሪዝም ይረክስ ነበር። ታዲያ ለኮሮላ የተጨመረው ገንዘብ ለገዢው ምን ገዛለት?

ጂኦ ጄኔራል ሞተርስ እስከ 1997 ሞዴል ድረስ ለርካሽ ትንንሽ መኪኖቹ የሰጠው ስም ነው። ወደ ጃፓን መኪና የሚኮበልለውን አሜሪካዊ በዚያው በጃፓን መኪና ለመመለስ የታሰበ ዘዴ ነበር፤ ሜትሮና ትራከር ከሱዙኪ፣ ስቶርም ከአይሱዙ። (የአዲስ አበባ ሰው ትራከርን ቢያይ «ይቺማ ቪታራ ናት» ይላል፤ አልተሳሳተም።)

ቀላሉ መልስ ገዢው ተሞኘ የሚለው ነው። አይመስለኝም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን ፈትቶ አያይም፤ ቢያይም የነገውን ብልሽት አያገኝበትም። በእጁ ያለው ማስረጃ ስሙ፣ ማለትም ቀድመው የነዱት ሰዎች ምስክርነት ነው። ኮሮላ ምስክር ሞልቶታል። ጂኦ ግን አባቱ በስሙ ሊያስጠራው ያልወደደ ልጅ ነበር፤ ሠሪው ያልፈረመበትን ሌላው ለምን ይመን?

ይህ ክርክር ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ሰዎች የመሰከሩት ለሞተሩ እንጂ ለስሙ አልነበረም፤ ያ ሞተር ደግሞ ፕሪዝም ውስጥም አለ። ምስክሩ ሳይጠፋ ቃሉ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው። ትርፉ ነገሩን ለሚያውቅ ገዢ ሆነ፤ ኪሳራው ደግሞ አዲስ ገዝቶ ለሚሸጠው ሰው። እሱ «ይህ እኮ ኮሮላ ነው» ብሎ ቢምል እንኳ የሻጭ ወሬ ነው ተብሎ ይታለፋል። እውነቱን ከሁሉ የሚያውቀው ሰው ለመታመን ከሁሉ የራቀው መሆኑ ነው የሚገርመኝ።

ከ1998 ሞዴል ጀምሮ የጂኦ ስም ቀረ፤ ስቶርም ቀድሞ ተቋርጦ ስለነበር የተረፉት ሦስቱ ሼቭሮሌት ተባሉ። ፕሪዝምም እስከ 2002 ሞዴል ድረስ በዚሁ ስም ተሠራ። የተነፈገው ፊርማ በመጨረሻ ተሰጠው እንበል? ፊርማው የዋስ እንጂ የሠሪ አይደለም፤ ዋስ ደግሞ ዕቃውን የሠራ መሆን የለበትም፣ ሲፈለግ መገኘት እንጂ። በዚህ ሚዛን ጂኦ ከመጀመሪያውም ዋስ አልጎደለውም ነበር፤ የሚሸጠው በሼቭሮሌት ነጋዴዎች ዘንድ ነበርና።